መስታወት ፊት የማያመው ትከሻ

በፍኖተ ሰላም ከተማ ሰው ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው መስታወቱ ሲፈቅድለት ነው። ፊቱን ይታጠባል፣ ካናቴራውን ያወልቃል፣ በሩ አጠገብ የተተከለው ረጅም መስታወት ፊት ይቆማል። እጆቹን ወደ ላይ ያነሳል፣ ቁጢጥ ብሎ ይነሳል፣ ምላሱን ያወጣል። መስታወቱ «ጤናማ» ሲል የበሩ መቀርቀሪያ ቀጭ ብሎ ይከፈታል። ሕፃናት አፍ ሲፈቱ ከ«እማዬ» ቀጥሎ የሚሏት ቃል «ጤናማ» ናት። «አጠራጣሪ» የተባለ ሰው ወደ ጥልቅ ምስል ክፍል ይላካል፤ እዚያም የሚቀበለው ሌላ መሣሪያ ነው። ሐኪም በሽተኛን በእጁ መንካት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ነገሩ ሲነሳ ወጣቶቹ ሰው ድሮ በጥርሱ ገመድ ይቆርጥ ነበር የተባሉ ያህል ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

አንጓች ከዚህ መስታወት ጋር የተለየ ወዳጅነት ነበራት። የከተማው የባህል ቡድን ዋና ተወዛዋዥና የእስክስታ አስተማሪ ናት፤ ያደገችውም መስታወት ፊት ነው። ልጅ ሳለች ያሠለጠነቻት ሴትዮ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራት፤ ልምምድ አዳራሹ መስታወት ፊት ቆሞ ፊቱን ያኮሳተረ፣ አመመኝ ወይ ደከመኝ ያለ ልጅ የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ይሸኛል። እንግዲህ አንጓች መስታወት ባየች ቁጥር ሳታስበው አገጯ ከፍ ይላል፣ ወገቧ ይቀናል፣ ትከሻዋ ይነቃል። የአዳራሹ መስታወት ይሁን የጤናው፣ ሰውነቷ ልዩነቱን አያውቅም። ባሏ መንበሩ ጠዋት ጠዋት ከኋላዋ ተራውን እየጠበቀ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሊመረምርሽ ነው እንጂ ሊሸልምሽ አይደለም» ይላታል።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ በከተማው ባቡር ቆማ ስትሄድ ባቡሩ ድንገት ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ሄደ። አንጓች ግን ከላይ የተንጠለጠለውን መያዣ በቀኝ እጇ ጨብጣ ነበርና ሰውነቷ ሲሄድ እጇ እዚያው ቀረ። ትከሻዋ ውስጥ አንድ ነገር ቷ አለ። ድምፁን በገዛ ጆሮዋ ሰማችው፤ አጠገቧ የቆመው ሰውዬም ዞር ብሎ አያት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ እጅ የእሷ መሆኑን ተወ። ጸጉሯን ማበጠር አቃታት። ከመደርደሪያ ላይ የጨው ዕቃ ለማውረድ ስትንጠራራ እጇ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቀሚሷን ከኋላ የሚቆልፍላት መንበሩ ሆነ። በቀኝ ጎኗ መተኛትማ የማይታሰብ ነው። መንበሩ እንኳ አዝኖላት ሹሩባ ልሥራልሽ ብሎ ተነሳ፤ ሠርቶ ሲጨርስ ጭንቅላቷ ዶሮ የጫረው የጎመን መደብ መሰለ። ሁለቱም ሳቁ፣ ከዚያ እሷ አለቀሰች።

ጠዋት ግን መስታወቱ ፊት ስትቆም እጇ ሽቅብ ይወጣል። ያማታል፣ ጥርሷን ትነክሳለች፣ ግን ይወጣል። መስታወቱም «ጤናማ» ይላል። አንድ ቀን ጭራሽ «የትከሻ እንቅስቃሴ፣ እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ጨመረላት።

«መንበሩ፣ እየዋሸሁ ይመስልሃል?»

«እኔ ዋሽተሻል አልወጣኝም» አለ መንበሩ። «ግን መስታወቱ ተሳስቶ ያውቃል? ደህና ነሽ ካለሽ ደህና ነሽ። ምናልባት ሐሳብ ይሆናል።»

«ሐሳብ ነው ቀሚሴን የማያስቆልፈኝ?»

አንጓችን ያናደዳት ሕመሙ ብቻ አልነበረም። እጇን በማታውቀው ነገር እየተነጠቀች ነው፤ ያ እጅ ከሄደ ደግሞ ማን እንደምትሆን አታውቅም። መስታወቱ ሳይጠረጥር ጥልቅ ምስል የለም፣ ጥልቅ ምስል ሳይኖር ቀዶ ሕክምና የለም። ስለዚህ ነጠላዋን በግራ እጇ እንደ ነገሩ ጣል አድርጋ፣ ካፖርቷን ከላይ ደርባ፣ ሰው ሐኪም አለበት ወደተባለው ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሰው ሐኪሙ ዶክተር ኪሩቤል ይባላል። ሥራው ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ መስታወት የሚለውን በሚያምር ድምፅ ደግሞ ማንበብ ነው፤ አዛውንቶች ውጤታቸውን ከሰው አፍ መስማት ይወዳሉ ተብሎ የተቀመጠ ነው። በሕክምና ትምህርት ቤት ሳለ የእጅ ምርመራ የሚባለው ትምህርት ከታሪክ ትምህርቶች ጋር ነበር የሚሰጠው። ተማሪው ሁሉ እዚያ ክፍል ይተኛል። ኪሩቤል ግን ወዶት ነበር። አብረውት የሚኖሩትን ልጆች ትከሻ ሁሉ ሲጎትትና ሲጠመዝዝ ከርሞ፣ በመጨረሻ ሲያዩት የሚሸሹት ሰው ሆኖ ነበር። ችግሩ የጓደኞቹ ትከሻ ሁሉ ጤነኛ ነበር። የተበጠሰ ጅማት በእጅ ሲነካ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አላወቀም።

አንጓች ካፖርቷን አውልቃ መስታወቱ ፊት ቆመች። እጇን አነሳች።

«ጤናማ» አለ መስታወቱ።

«ጤናማ ኖት» አለ ኪሩቤል በሚያምረው ድምፁ።

«እሱንማ ቤቴም ሰምቼዋለሁ!» አለች አንጓች። «እሱን ለመስማት አይደለም የመጣሁት። እርስዎ ምን ይላሉ? ሰው ኖት አይደል?»

ኪሩቤል እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት አያውቅም። ግራ ተጋብቶ ሲያያት አንድ ነገር ትዝ አለው። ካፖርቷን ስታወልቅ በመጀመሪያ የግራ እጇን ነበር ያወጣችው፤ ቀኙን መጨረሻ ላይ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያወጡ ሁሉ በጥንቃቄ።

«እትዬ አንጓች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በእጄ ልመርምርዎት? ከፈቀዱ ነው። አይከለከልም፤ የቀረ ነገር ሆኖ ነው እንጂ።»

አንጓች ለአፍታ አሰበችበት። ከባሏ በቀር ማንም ሰው ትከሻዋን ነክቶት አያውቅም። ቢሆንም ነጠላዋን አወረደችለት። «ይንኩት» አለች።

ኪሩቤል እጁን ዘረጋ። ጤነኛውን ግራ ትከሻ ነበር የያዘው።

«ኧረ ያመመኝ ያኛው ነው! ደግሞ እጅዎ በረዶ ነው!»

«ይቅርታ። ደህናውን አስቀድሜ ካላየሁ የታመመውን በምን አመዛዝነዋለሁ?» አለና እጆቹን ማፋተግ ጀመረ። የእጅ ምርመራ ያስተማረችው አሮጊት እጃችሁን ሳታሞቁ ሰው አትንኩ ትል የነበረው አሁን ገባው።

ቀኙን ትከሻ ያዘ። እጅዎን ያንሱ አላት፤ አነሳች። ወደ ታች ልጫን እርስዎ ይታገሉኝ አላት፤ ታገለችው። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ታገለችው። ፊቷ ላብ አወጣ እንጂ እጇ አልወረደም። ኪሩቤል የተማረውን ሁሉ አስታወሰ፤ የሚያገኘው ግን ጤነኛ ትከሻ ነው። የጓደኞቹ ትከሻ ራሱ ይህን ያህል አላማረም ነበር።

«አዝናለሁ» አለ በመጨረሻ። «ምንም አላገኘሁም።»

አንጓች ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካፖርቷ ቀኝ እጇን ሰደደች። እጇ ደረቷ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ተንፈስ አለችና በግራዋ አወረደችው።

«ቆይ!» ብሎ ኪሩቤል ከመቀመጫው ተነሳ። «አሁን ያደረጉትን ይድገሙልኝ!»

ዞር አለች። መስታወቱን አየች። አገጯ ከፍ አለ፣ ወገቧ ቀና፣ ቀኝ እጇም ሽቅብ ወጣ። ሁለቱም እጁን አዩት። አንጓች ራሷ ያልጠበቀችው ነገር ነበርና አፏን ከፍታ ቀረች።

«እሱ ነው!» አለ ኪሩቤል ወደ መስታወቱ እየጠቆመ። «እሱን ሲያዩ ነው!» ነጭ ካባውን አወለቀና ወንበር ላይ ወጥቶ መስታወቱን ሸፈነው።

«ማየት አልቻልኩም» አለ መስታወቱ። «መጋረጃውን ያንሱ።»

«ዝም ይበል፣ አይስሙት። አሁን ወደ ግድግዳው ዞር ይበሉ።» ከኋላዋ ቆመና በአንድ መዳፉ ጀርባዋ ላይ ያለውን ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት ወደ ታች አጥብቆ ያዘ። «አሁን እጅዎን ያንሱ።»

እጇ ከጎኗ ተነሳ፣ ከወገቧ ትንሽ አለፈ፣ ቆመ። አንጓች ገፋች። እጇ ተንቀጠቀጠ እንጂ አንዲት ጣት ያህል አልጨመረም።

«ለምን ያዝከኝ?» አለች። እርስዎ ማለቱን ረስታዋለች።

«እጅዎን አልያዝኩም። የያዝኩት ይህን አጥንት ብቻ ነው። እስካሁን የእጅዎን ሥራ ሲሠራለት የነበረው እሱ ነው!» ኪሩቤል የሚናገረው እየፈጠነ ሄደ። «የሌላ ሰው ትከሻ ጅማቱ ሲበጠስ ይወድቃል፤ የእርስዎ ግን ዕድሜ ልኩን እስክስታ የመታ ነው። ይህ አጥንት ብቻውን መነሳት፣ ብቻውን መዞር ይችላል። እጅዎ ሲያቅተው ከሥሩ ገብቶ ይሸከመዋል። መስታወቱ ደግሞ የሚያየው እጁ ከፍ ማለቱን ነው፤ ማን ከፍ እንዳደረገው አይጠይቅም።»

«እየጨፈርኩ ነበር ማለት ነው?»

«እርስዎ አልጨፈሩም። ትከሻዎ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። ኪሩቤል የታመመውን እጅ ራሱ ደግፎ እስከ ላይ ወሰደው፤ በሱ እጅ ሲሆን ያለችግር ወጣ። «አሁን ቀስ ብለው ያውርዱት» ብሎ ድጋፉን አላላ። እጁ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ፣ ከትከሻዋ ትይዩ ሲደርስ ግን እንደ ድንጋይ ዱብ አለ። ኪሩቤል ተንደርድሮ ቀለበው።

«ልብ ብለዋል? ልብ ብለዋል?»

«እኔ ነኝ እንዴ ሐኪሟ! ምን ማለት ነው?»

«የላይኛው ጅማት ማለት ነው። ቆይ፣ የኋላው ይቀራል።» ክርኗን ከጎኗ አስጠግቶ አጠፈው፣ ክንዷን በር እንደሚከፈት ወደ ውጭ አዞረው። በመጀመሪያ በግራው ነበር። «እዚሁ ያቆዩልኝ» ብሎ ለቀቀው፤ ግራ እጇ ባለበት ጸንቶ ቆመ። ከዚያ ቀኙን እንደዚያው ወደ ውጭ አዞረ። «እዚሁ ያቆዩልኝ።» ለቀቀው።

እጁ ተመልሶ ሆዷ ላይ ተለጠፈ።

አንጓች ቁልቁል አየችው። «ይሄ የኔ እጅ ነው?» አለች በቀስታ። አቁሚው ብላ ለራሷ ነግራዋለች፤ ሊቆም ፈልጋለች፤ እጁ ግን አልሰማትም። ኪሩቤል ደግሞ ሞከረ። እጁ ደግሞ ተመለሰ። ሐኪሙ ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ፤ በትምህርት ቤት የጓደኞቹን እጅ ስንት ጊዜ ለቅቆ ስንት ጊዜ ባለበት እንደቀረበት ትዝ ብሎት ነው።

«አሁን በመዳፍዎ ሆድዎን ይጫኑ። ይበርቱ! እኔ ልጎትት።» ጎተተ። እጁ ከሆዷ አልላቀቅ አለ። «የፊተኛው ደህና ነው! ተመስገን፣ የፊተኛው ደህና ነው! የላይኛውና የኋላው ግን ከአጥንቱ ተላቅቀዋል። እትዬ አንጓች፣ ጅማትዎ ተበጥሷል!»

በደስታ ጮሆ ከተናገረ በኋላ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ታወቀውና ደነገጠ። አንጓች ግን አልደነገጠችም። ቤቷ ውስጥ ሐሳብ ነው ስትባል የከረመች ሴት ናት። ግራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታውን ለቀቀችው። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ በመስኮቱ አየ፤ ጅማቷ ስለተበጠሰ እልል የምትል ሴት ማን አይቶ ያውቃል!

እልልታው ሲበርድ ቁጭ አሉ። ኪሩቤል ነገሩን እንዳለ ነገራት። ከአጥንቱ የተላቀቀ ጅማት እንደተለቀቀ ላስቲክ ወደ ኋላ ይሸሻል። ቶሎ ከተሰፋ ይመለሳል፤ ከቆየ ግን ጡንቻው እየሟሸሸ ስብ ይሆናል፣ ያኔ መርፌውም የሚይዘው አያገኝም። ጣቱን ከኋላ ትከሻዋ ላይ አሳልፎ አየ፤ ሥጋው ገና አልጎደለም።

«ጊዜ አለን» አለ። «ግን ብዙ አይደለም።»

ካባውን ከመስታወቱ ላይ አነሳ። መስታወቱ አንጓችን አይቶ «ጤናማ» አለ።

«ጥልቅ ምስል አዝዣለሁ» አለ ኪሩቤል።

«ምክንያት?»

«በእጄ መርምሬ አግኝቻለሁ።»

መስታወቱ በዚያው ለስላሳ ድምፁ እንዲህ አለ፦ «ደንቡ ይፈቅዳል። ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወንበርዎን ይለቃሉ። ይስማማሉ?»

አንጓች ሐኪሙን አየችው። ከልቧ የምትፈልገው ነገር እፊቷ ቀርቧል፤ ለሱ ግን ዋጋው እንጀራው ነው። «አንተ ልጅ» አለች፣ «እርግጠኛ ነህ? ካልሆንክ ይቅርብህ።»

ኪሩቤል መዳፉን አየ። ያ እጅ ከመዳፉ ሾልኮ ሲመለስ የተሰማው ስሜት ገና አልለቀቀውም።

«እስማማለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት መንበሩም አብሯት መጣ። ባልና ሚስት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኪሩቤል ቆሟል፣ መቀመጥ አልቻለም። አንጓች ተራዋ ደርሶ በጥልቅ ምስሉ ክፍል ስትተኛ የምታስበው ስለ ኪሩቤል ነበር። ምስሉ ንጹሕ ቢሆንስ? ይህ ልጅ በሷ እልልታ ተገፍቶ ወንበሩን ቢያጣስ? ወጥታ መንበሩ አጠገብ ተቀመጠች። መንበሩ ደህናውን እጇን ያዘ።

በተከፈተው በር በኩል የኪሩቤል ክፍል መስታወት ውጤቱን አነበበ። ድምፁ አልተለወጠም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። «የላይኛው ጅማት፣ ሙሉ በሙሉ ተላቅቋል። የኋላው ጅማት፣ ሙሉ በሙሉ ተላቅቋል። የፊተኛው ጅማት፣ ደህና። ቀዶ ሕክምና፣ በአስቸኳይ።»

ኪሩቤል ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የተናገረው ሁሉ አንድ በአንድ እውነት ነበር።

«ሐሳብ ነው ብዬሽ ነበር» አለ መንበሩ። «ይቅር በይኝ።»

«ይቅር የማልልህ ሹሩባህን ነው እንጂ፣ እሱንስ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች፤ ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ።

ጅማቷ ተሰፋ። እጇ በጨርቅ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ፤ ትከሻዋን እንዳታንቀሳቅስ በጥብቅ ተነገራት። ለሷ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የከበደው ይህ ነው። የጎረቤት ሠርግ ላይ ከበሮ ሲመታ ደህናውን እጇን ጭኖቿ መሃል ቀብራ ተቀመጠች፤ መንበሩም አጠገቧ ሆኖ ትከሻዋን እንደ እስረኛ ጠበቀ። ጨርቁ ተፈታ። እጇን ጠረጴዛ ላይ ማንሸራተት፣ ግድግዳ ላይ በጣቶቿ ማስኬድ እንደ ሕፃን ተማረች። በዚህ መሃል ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ ጤና ጣቢያው በራፍ ላይ ሰልፍ ተጀመረ። «ጤናማ» የተባለ ሁሉ፣ ምንም ያላመመው ሳይቀር፣ በእጅ ልመርመር እያለ ኪሩቤልን አላስቀምጥ አለው። አንዳንዱ መዳፉ ሲያርፍበት ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ራሱም አያውቀውም።

የመስቀል አበባ ዳግም ሲፈነዳ አንጓች ለመጨረሻው ምርመራ መጣች። ጸጉሯን ራሷ ነበር ያበጠረችው። ገና ከበሩ ስትገባ መስታወቱ አያት።

«ጤናማ» አለ። «የትከሻ እንቅስቃሴ፣ እጅግ በጣም ጥሩ።» ያው ቃል፣ ያው ድምፅ ነበር።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ኪሩቤል እጆቹን አፋተገ፤ እስኪሞቁ ድረስ አፋተገ። ክርኗን ከጎኗ አስጠጋ፣ ክንዷን ወደ ውጭ አዞረ። አንጓች ዓይኗን ጨፈነች። እነዚያ ሁሉ ወራት የተጠራቀሙት ለዚህች ቅጽበት ነበር።

«እዚሁ ያቆዩልኝ» አላት።

ለቀቀው።

እጇ እዚያው ቆየ።